በጠመኔ የተራዘመ ንጋት

ግንቦት 14 ቀን 1996፣ ቅዳሜ

ለካዛንቺስ ነዋሪዎች በሙሉ፣ ለመላው የቂርቆስ ሕዝብ፣ እንዲሁም በሩቅም በቅርብም ላላችሁ ወዳጆችና ምቀኞች። አቶ ሃድጉ በዛሬው ዕለት ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ በኢዘዲን ሱቅ በረንዳ ላይ፣ ብዙ ዝንብና አንድ ድመት በተገኙበት፣ በዳማ ጨዋታ ለሦስተኛ ተከታታይ ቀን መሸነፋቸውን ስናበስር ታላቅ ኩራት ይሰማናል። ከተሸናፊው ወገን ዘጠኝ ቆርኪ ተማርኳል። በአሸናፊው በአቶ ካሳይ ወገን ወገባቸውን ትንሽ ከማመሙ በስተቀር የደረሰ ጉዳት የለም።

አዋጁ እዚህ ላይ አለቀ። አሁን እውነቱን ልጻፍ።

ሃድጉ ሲሸነፍ ሰው አይደለም። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንጫወት ቆርኪ በእጅጌህ ደብቀሃል ብሎኝ ያውቃል፣ ገበታውን ገልብጦት ያውቃል፣ አንድ ጊዜማ ወር ሙሉ ሰላምታ ነስቶኛል። ዛሬ "እጅህ ይባረክ" አለኝ። ሆን ብዬ ዕውር የሚያየው ቀዳዳ ከፈትኩለት። አየው። ሲያየው አየሁት። ከዚያ ሌላ ቆርኪ ገፋ።

"ምነው፣ አላየኸውም?" አልኩት።

"ዓይኔ ደክሟል" አለ።

የሃድጉ ዓይን ካዛንቺስ ቁጭ ብሎ ሜክሲኮ የቆመ ታክሲ ታርጋ ያነባል።

ግንቦት 15፣ እሑድ

ስልካችን ተበላሽቷል ትላለች ልጄ እጸገነት። "መሥመሩ ነው አቦይ፣ ይሠሩታል።" ከቁም ሣጥኑ ኋላ ጎንበስ ብዬ አየሁት። ሽቦው ከግድግዳው ተነቅሎ፣ ተጠቅልሎ፣ በክር ታስሯል። እንዲህ ንጹሕ ብልሽት አይቼ አላውቅም።

ባሏ አስገዶም ደግሞ ባለፈው ማክሰኞ "ለሥራ" ብሎ ወጥቶ ዓርብ ተመለሰ። መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው ነው፤ ፋይል ፍለጋ ከከተማ ሲወጣ ይኸ የመጀመሪያው ነው። አፍንጫው ተልጧል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። "አዋሳ ነበርኩ" አለኝ።

"የአዋሳ ፀሐይ ጨክናለች።"

አልሳቀም። አንድ አረንጓዴ ቴርሞስ ይዞ መጥቷል፤ ገበያ ላይ ገዛሁት ይላል። እጀታው በሽቦ ታስሯል። ጥር ላይ የልጄ የተስፋማርያም ቴርሞስ እጀታው ቢሰበር እኔ በሽቦ አስሬለት ነበር፣ ሁለት ጊዜ ጠምዝዤ ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፌ። እንግዲህ የእኔን አስተሳሰር የሚያውቅ ሌላ ሰው አዋሳ አለ ማለት ነው።

ተስፋማርያም የጅቡቲ መንገድ ላይ ተሳቢ ይነዳል። በአሥራ ሁለት ቀን አንዴ ይመጣል። ልጁ ሲምረት እናቷን በሁለት ዓመቷ ካጣች ጀምሮ እኛ ጋ ናት፤ ሲመጣ ሻንጣውን ሳያወርድ እሷን ነው የሚጠራው። ከመጣ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀኑ ነው።

መንገድ ነው። ይዘገያል።

ግንቦት 17፣ ማክሰኞ

ኢዘዲንን እንደ ልማዴ "ሚዛንህ ዛሬም ይዋሻል?" አልኩት። እንደ ልማዱ የድሮ የባቡር ጣቢያ ሥራዬን አንሥቶ "ከባቡራችሁ ሰዓት ይሻላል" ማለት ነበረበት። "ልክ ነው ጋሼ" አለኝ። ስኳሩን አትረፍርፎ ሞላ። ቴፑንም ዘጋ። ጥጉን እስክዞር ጠበቅሁ፤ መልሶ አልከፈተውም።

ስኳሩን ቤት ገብቼ በጣሳችን ሰፈርኩት። ሦስት ማንኪያ ትርፍ አለው።

ግንቦት 19፣ ሐሙስ

ከምሳ በኋላ "ትንሽ ይረፉ" ብለው አስተኙኝ። አልተኛሁም። መስኮቱ ሥር ሃድጉና አስገዶም ቆመዋል። ሃድጉ የእድራችን ጸሐፊ ነው፤ ሹክሹክታው እንኳ ቃለ ጉባኤ ይመስላል።

"ልጅቷ ፈተናዋን ትጨርስ።"

"እሱማ። ሰኔ አሥር ያልቃል።"

"እንግዲያው ሰኔ አሥራ ሦስት፣ እሑድ ንጋት ይሁን። እስከዚያ ማንም እንዳይተነፍስ።"

"ቃሉን ማን ይናገር? የሚናገሩት እኮ እሳቸው ነበሩ።"

ሃድጉ "እኔ እሞክራለሁ" አለ።

ይህን ደብተር የሚሰርቅ ሰው ካለ እንዲገባው ልጻፍለት። በእድራችን መርዶ የምናገረው እኔ ነኝ፤ አሥራ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ሰው ርቆ ሄዶ እዚያው ሲሞትና እዚያው ሲቀበር ለቤተሰቡ ወዲያው አይነገርም። ቀን ይቆረጣል። ቤት ውስጥ ፈተና ያለበት ልጅ ካለ ይራዘማል። አራስ ካለች ይራዘማል፣ የታመመ ካለ ይራዘማል፣ በዓል ከዋለበትም ይራዘማል። ቀኑ ሲደርስ ጎረቤት ተሰብስበን እንቆይና፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ጥቁር ጫማዬን ወልውዬ በሩን አንኳኳለሁ። ብዙ አልናገርም። በሩን የሚከፍተው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ጫማዬን ነው።

የማን መርዶ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ሰፈሩ ሰፊ ነው። ፈተና ያለበት ልጅም ብዙ ነው።

ሲምረት የአሥረኛ ክፍል ፈተናዋን ሰኔ ስምንት ትጀምራለች።

ግንቦት 21፣ ቅዳሜ

ቤቱን ለእኔ ጥለውልኝ ወጡ። ክሩን ፈትቼ ሽቦውን ግድግዳው ላይ ሰካሁት። እንዲያው ብልሽቱን ልሞክረው ብዬ ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጮኸ።

ተስፋማርያም ነው። "አቦይ፣ ሚሌ ነኝ" አለኝ። መኪናው ዕቃ ተሰብሮበት ከጅቡቲ እስኪመጣለት እየጠበቀ ነው። ድምፁ አቧራ የጠጣ ይመስላል። ከኋላው ፍየል ትጮኻለች። "ማናት እሷ፣ አዲሲቱ ሚስትህ ናት?" ብለው ሳቀ። ለሲምረት አንድ ካርቶን ተምር ገዝቶላታል። ፈተናዋን ስትጨርስ እደርሳለሁ በላት፣ ለእጸገነት ግን አትንገራት፣ መኪናው ቆመ ስትባል ትጨነቃለች አለኝ።

ሽቦውን ነቅዬ እንደነበረው ጠቅልዬ በክሩ አሰርኩት። ቋጠሮው ሁለቴ አመለጠኝ። ሰባ አራት ዓመት ቀልድ አይደለም።

ሲምረት ስትገባ ነገርኳት። ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች።

"ምን ብሎ ጀመረ? ቃል በቃል ይንገሩኝ።"

"አቦይ ብሎ።"

"ደክሞታል?"

"ፍየሏን አስደክሟታል።"

ሳቀች። ከዚያ ወደ ክፍሏ ገብታ ጮክ ብላ ማጥናት ጀመረች።

ግንቦት 25፣ ረቡዕ

የሰኔ ጾም ከገባ ሦስተኛ ቀን። ሲምረት ስታጥብ ታንጎራጉራለች። እጸገነት "ፀጉርሽን እንሥራው፣ ለፈተና ተሰብስቦ ይሻልሻል" አለቻት።

"የምሠራው አባቴ ሲመጣ ነው።"

እጸገነት ማድ ቤት ገባች። ክዳን ወደቀ። ብዙ ቆይታ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። "ሽንኩርት ነው አቦይ" አለችኝ። ሽንኩርት አልነበረም፣ አየሁ እኮ፣ ድንች ነበር።

ግንቦት 30፣ ሰኞ

እንቅልፍ የለም። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይራመዳል። ሲምረት ከግድግዳው ማዶ የደም ዝውውር ታጠናለች፤ ልብ አራት ክፍል አላት ትላለች፣ ደጋግማ።

እኔ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ጠመኔ ነበር። ባቡር የሚገባበትን ሰዓት ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ሲዘገይ አጥፍቼ ሌላ እጽፋለሁ። ማንም ያላዘዘኝ የራሴ ዘዴ ነበረኝ። ባቡሩ አራት ሰዓት እንደሚዘገይ እያወቅኩ አንድ ሰዓት ብቻ እጽፋለሁ። እሱ ሲያልቅ ሌላ አንድ። ሰው አንድ ሰዓት ይችላል። አራት ሲባል ይጮኻል፣ ሻንጣ ይወረውራል። በመካከሉ ቀልድ እጥላለሁ። አለቃዬ "ካሳይ ሰሌዳው አጠገብ ሲቆም ጣቢያው ጸጥ ይላል" ይል ነበር። እኮራበት ነበር።

አንድ ጠዋት የድሬዳዋው ባቡር መንገድ ላይ እንደቆመና እስከ ማግስቱ እንደማይገባ ተነገረኝ። አንድ ሰዓት ብዬ ጻፍኩ። አንዲት ወጣት ሴት ባሏን ልትቀበል አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ረፋድ ላይ መጥታ ጠየቀችኝ። "አንድ ሰዓት ነው እህቴ፣ ፂሙን እየተላጨልሽ ይሆናል" አልኳት። ሳቀች። በስድስት ሰዓትም አሳቅኳት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትመጣ ነጠላዋን ደረቷ ላይ ሰብስባ ይዛለች። የቀሚሷ ፊት ርሷል። ለአንድ ሰዓት ብላ የአርባ ቀን ልጅ ጎረቤት ትታ ነው የመጣችው።

"ጠዋት ብትነግረኝ ኖሮ ገብቼ አጠባ ነበር" አለችኝ።

አልተቆጣችም። ብትሰድበኝ ኖሮ እስከ ዛሬ እረሳት ነበር።

ለምን ይህን ጻፍኩ? ዝናቡ ነው።

ሰኔ 8፣ ማክሰኞ

ጀመረች። እስክሪብቶ ሦስት ያዘች። ሒሳብ አስቸግሯታል።

ሰኔ 10፣ ሐሙስ

ጨረሰች። በሩ ላይ ሳለች "ዛሬ ይገባል?" አለችኝ።

"ነገ ወይ ከነገ ወዲያ።"

አንድ ሰዓት ጻፍኩ ማለት ነው።

ሰኔ 13፣ እሑድ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥቼ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ የራሴን ቤት እንደ ሌባ ሾልኬ ወጣሁ። ኡራኤል ሄጄ ግድግዳው ሥር ተቀመጥኩ። ቅዳሴውን አልሰማሁም። ሦስት ሰዓት ላይ ተመለስኩ።

ግቢው ውስጥ ስድስት ሰዎች፣ አንዲት መነኩሲትም አሉበት፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። የንስሐ አባቴ መስቀላቸውን ይዘው። ሃድጉ ጥቁር ጫማ አድርጓል፤ ጫማው ጠቦት ተረከዙን አውጥቶ ረግጦታል።

"የማን ሰርግ ነው?" አልኩ።

ሁሉም መሬት አዩ። "ልንጠይቅህ መጥተን ነው" አለ ሃድጉ።

"በጠዋቱ? ስድስት ሆናችሁ?"

"ዳማ እንጫወት ብለን።"

"እማሆይም ዳማ ጀመሩ?"

ሲምረት ዓይኗን እያሻሸች ወጣች። "ምንድን ነው?" አለች። እጸገነት "የእድር ስብሰባ ነው፣ ግቢ አንቺ" አለቻት። ፀሐይ ከወጣች፣ ሰውየውም ውሎ ከገባ መርዶ አይነገርም። ደንቡን ለእነሱ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አንድ በአንድ ወጡ። ሃድጉ በሩ ላይ "እንግዲህ ለሳምንት" አለኝ።

ጫማውን ትክክለኛ ቁጥር ቢገዛ ጥሩ ነው።

ሰኔ 20፣ እሑድ

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የጫማ ድምፅ ሰማሁ። ደረቴን ይዤ ጮህኩ። የታመመ ሰው መርዶ አይነገረውም፣ ይህም የእኔው ደንብ ነው።

በሩን ከፍተው ገቡ። ቃሉን ይዘው የመጡት ሰዎች ጸበል ይረጩኝ ጀመር። የጎረቤት ነርስ ተጠርታ ግፊቴን ለካች፤ "ከእኔ ይሻላል" ብላ አስገዶምን አየችው። ሃድጉ ጥግ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን ይጠመዝዛል።

እጸገነት እግሬን አቅፋ አለቀሰች። ወር ሙሉ ማድ ቤት ስትውጠው የነበረውን ሁሉ ብርድ ልብሴ ላይ አፈሰሰችው። ለእኔ ደረት እንዲህ አይለቀስም። ዓይኔን ጨፍኜ "ይብቃሽ ልጄ" እላለሁ፣ ጤነኛው ሰውዬ።

ከሁሉ ግን ሲምረት። ራስጌዬ ቆማ "አቦይ ታመዋል፣ ለአባቴ ይነገረው። ለምንድን ነው ማንም ለአባቴ የማይነግረው?" አለች።

ቤቱ ጸጥ አለ። ለገሃር እንኳ እንዲህ ጸጥ ብሎልኝ አያውቅም።

ሰኔ 22፣ ማክሰኞ

የፈራሁት ሆነ። ሲምረት ምስጢሬን ወር ሙሉ ጠበቀችልኝ፣ ዛሬ ስለ እኔ ፈርታ አወጣችው። ከአልጋዬ ሆኜ እሰማለሁ። "ሚሌ ነው ያለው። መኪናው ተበላሽቶ ነው። ግንቦት ሃያ አንድ ከአቦይ ጋር ተነጋግረዋል እኮ።"

ሰሃን ተሰበረ።

እጸገነት መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"አቦይ። ግንቦት ሃያ አንድ ስልክ ተደውሎ ነበር?"

አይደለም ማለት እችል ነበር። ቀላል ቃል ነው። ግን ቀና ብዬ ፊቷን አየሁት። ልጄ ተስፋ ስታደርግ ፊቷ ምን እንደሚመስል ረስቼ ነበር።

"አዎ" አልኳት።

"ራሱ ነው? ድምፁ ራሱ ነው?"

"ልጄን አላውቅም እንዴ? ከኋላው ፍየል ትጮኽ ነበር።"

"ፍየል" አለች። ደግማ "ፍየል" አለች። እጄን ስማ እየሮጠች ወጣች።

ሰኔ 23፣ ረቡዕ

አስገዶም ሳይነጋ ወጣ። በሩ ላይ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

"አስከሬኑን አላየህም። ስትደርስ ተቀብሮ ነበር። ተቃጥሎ ነበር አላልክም? ማን አየው ታዲያ?"

"ቴርሞሱስ እጸገነት?"

"ሻይ ቤት ረስቶት ወጣ ተብሎ የለም? ሌላ ሰው ነድቶት ቢሆንስ? እሱ ጅቡቲ ታስሮ፣ ስልክ ለምኖ ደውሎ ቢሆንስ? ቀኑን አስበው፣ መኪናው ከተገለበጠ በአሥራ ሁለተኛው ቀን እኮ ነው የደወለው።"

"እሺ። እሄዳለሁ። አታልቅሺ።"

"አላለቅስም። ደስ ብሎኝ ነው።"

ይህን ሁሉ እንዳልሰማሁ አድርጌ መጻፍ ነበረብኝ። እጄ ቀደመኝ።

ሰኔ 25፣ ዓርብ

አዋጅ። አቶ ካሳይ ተሸነፉ። አቶ ሃድጉ አሥራ አንድ ቆርኪ በልተው፣ በእጅጌህ ደብቀሃል ብለው፣ ገበታውን ገልብጠው ሄዱ። እንደዚህ ተሸንፌ እንደዚህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ኢዘዲን ቴፑን ከፍቷል። ሚዛንህ ብለው "ከባቡራችሁ ሰዓት ይሻላል ጋሼ" አለኝ። ስኳሩን ልክ አድርጎ ሰፈረው፣ እንዲያውም ሳያጎድለው አልቀረም። የስልኩ ሽቦ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። እጸገነት ማድ ቤት ውስጥ ታዜማለች፣ ሲምረት ትቀበላታለች።

ከምሳ በኋላ ወንበሬን ስልኩ አጠገብ ሳብኩ። እስከ ምሽት ተቀመጥኩ። ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከእጸገነት ቀድሜ አነሳሁት። አንዱ የተሳሳተ ቁጥር ነው፣ ሌላው ለእጸገነት ነው።

ምን እንደምጠብቅ አላውቅም። አይ፣ አውቃለሁ። ከእነሱ አይቼ ነው እኔም የጠበቅሁት። ሁሉም ሲጠብቅ ባቡሩ የሚመጣ ይመስላል፣ ሰሌዳው ላይ የጻፈው ሰው እንኳ ሳይቀር።

ሰኔ 28፣ ሰኞ

ተመለሰ። አስገዶምን ዝናብ አበስብሶታል። ቴርሞሱን ይዞ ሄዶ ነበር፣ ቴርሞሱን ይዞ ተመለሰ። ከእጸገነት ጋር ማድ ቤት ገብተው በሩን ገፋ አደረጉት፤ ድምፃቸው ግን ይሰማል።

የመኪናው ረዳት ተርፏል። ሐኪም ቤት ተኝቶ አገኘው። የነዳው ተስፋማርያም ነው፤ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ ሊጎትተው ቢል እሳቱ አላስቀረበውም። የተቃጠለ እጁን አሳየው። የዚያ አገር ቄስም መቃብሩን አሳዩት፣ ስሙ በእንጨት ላይ በቀለም ተጽፏል።

እጸገነት አላለቀሰችም። "ወንድሜን ሁለት ጊዜ ቀበርኩት" አለች፣ የዕቃ ቁጥር እንደሚናገር ሰው።

"አቦይ አርጅተዋል" አላት አስገዶም። "ያልተደወለ ስልክ ሰምተው ነው። አትፍረጂባቸው።"

"አልፈረድኩም። እንዲያው ፍየሏ ናት ያሳመነችኝ።"

አርጅተዋል። ይህ ቃል ጥሩ ፍራሽ ነው፣ እዚያ ላይ ተኝቼ ልሞት እችላለሁ። ማንም አይጠይቀኝም። ነገ ሾርባ ያመጡልኛል።

ሐምሌ 1፣ ሐሙስ

ሃድጉ ሁለት ጊዜ ተሸነፈ። እጅህ ይባረክ አለኝ።

ሲምረት በሩ ላይ ተቀምጣለች። ፀጉሯ አልተሠራም። የከባድ መኪና ጥሩምባ በሰማች ቁጥር ብድግ ትላለች።

"ዛሬም አይመጣም አቦይ?"

"ዛሬስ አይመስለኝም። ነገ።"

ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ የዚያች ሴት ቀሚስ ታየኝ፣ ፊቱ ርሶ።

ሐምሌ 4፣ እሑድ

ሃድጉ ቤት ሄድኩ። ዳማውን ሊዘረጋ ሲል እጁን ያዝኩት።

"ማክሰኞ ንጋት ኑ" አልኩት።

"የት?"

"የት እንደሆነ ታውቃለህ።"

ቆርኪዎቹን ከእጁ ለቀቃቸው፣ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። "ከመቼ ጀምሮ ታውቃለህ?"

"ስትሸነፍልኝ ጠረጠርኩ። ከዚያ ደግሞ አወቅኩ።"

"ታዲያ እኛን ለምን ታንከራትተናለህ? ዕድሜ የጠገበ ሰው!"

"ጫማህ አስቀያሚ ነው።"

ሊስቅ ጀመረ። መሃል ላይ ሌላ ነገር ሆነበት፣ ፊቱን በባርኔጣው ሸፈነ። ጠበቅሁት። አሥራ አንድ ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠናል፣ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር።

"ቃሉን የምናገረው እኔ ነኝ" አልኩት። "ለልጅቷ። አንተ አጠገቤ ቁም።"

"ነገ ለምን አይሆንም?"

"ነገ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ነው። በበዓል አይነገርም።"

"አንተ ምክንያት አጥተህ አታውቅም" አለ፣ አፍንጫውን እየጠረገ።

ሐምሌ 5፣ ሰኞ

ጾሙ ተፈታ። በሉ፣ እኔም በላሁ። ድንኳኑ ለነገ ተነግሯል። እጸገነት እንደማውቅ ሃድጉ ነግሯታል። መጥታ ግንባሬን ሳመችኝ። የምንነጋገረውን ሁለታችንም ለነገ አስቀመጥነው።

ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ጥቁር ጫማዬን ወለወልኩ። ሲምረት አየችኝ። ይህን ጫማ መቼ እንደምወለውለው ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች።

"የማን ነው አቦይ?" አለችኝ።

ቀልድ ፈለግኩ። ሰባ አራት ዓመት ሙሉ ከኪሴ ጠፍቶ አያውቅም ነበር።

"ጠዋት እነግርሻለሁ" አልኳት።

ጫማዎቹን ብዙ ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ከጎኔ ተቀመጠች፣ ብሩሹን ከእጄ ወስዳ ግራውን እግር መወልወል ጀመረች። "ዛሬ ይመጣል?" አላለችም። ስትጨርስ ጎን ለጎን አስተካክላ አስቀምጣቸው ገባች። ክፍሏ ውስጥ መብራት አልበራም።

ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል። ይህን ሰዓት አላጠፋውም።

ከዚያ በፊት ግን ይህ ደብተር አንድ እርማት ይፈልጋል። ግንቦት ሃያ አንድ ስልኩ ጮኾ ነበር፣ እሱ እውነት ነው። አነሳሁት። ሴት ናት፣ ከመቐለ፣ ማን እንደሆነች አልለየኋትም። በትግርኛ "አስገዶም ነህ?" አለችኝ። ሰው ላይ መቀለድ ልማዴ ነውና ትንሽ ልስቅባት ብዬ "አዎ" አልኳት።

"የተስፋማርያምን ነገር ለሽማግሌው ነገራችኋቸው ወይስ ገና ነው?" አለችኝ።

"ገና ነው" አልኳት።

"በሉ አደራ፣ ቀስ አድርጋችሁ" አለች። እሺ ብዬ ዘጋሁት።

ሌላው ሁሉ የእኔ ፈጠራ ነው። ሚሌ፣ የተሰበረው ዕቃ፣ አንድ ካርቶን ተምር፣ ሳቁ። ፍየሏን የጨመርኳት መሥመሩ ባዶ እንዳይመስል ብዬ ነው።